ወይን ተካዩ ቅዱስ ድሜጥሮስና የባሕረ ሐሳብ ስሌት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

በአዲስ አበባ በልደታ አካባቢ የምትኖሩ ልጆች ግንቦት 1 ቀንን መቼም አትረሱትም። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም የልደት በዓል ነው። ምእመናን ነጭ ለብሰው ወደ ልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ በየሰፈሩም ንፍሮ ተቀቅሎ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ይቀምሳል። ይህ በዓል ቀኑን አይለውጥም፤ በየዓመቱ ግንቦት 1 ነው።

የጌታችን የትንሣኤ በዓል ግን እንዲህ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 8 ቀን ዋለ። ይህም ልደታ ከመድረሷ 23 ቀን አስቀድሞ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን ዋለ፤ ያን ጊዜ ከፋሲካ እስከ ልደታ 4 ቀን ብቻ ነበር። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፤ ከሚያዝያ 30 በኋላም አይውልም። በእነዚህ 35 ቀኖች መካከል ይመላለሳል።

ታዲያ ቀኑ በምን ይታወቃል? አባቶቻችን ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የዘመን ቁጥር ያውቁታል። ይህን ቁጥር የደረሰው አባት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው። ዛሬ የእርሱን ሕይወት እንማራለን። ከሕይወቱም ጋር፣ በሒሳብ ስንሳሳት ስሕተታችንን እንዴት ፈልገን እንደምናርም እናያለን።

፩. ወይን ተካዩ ሰው

ቅዱስ ድሜጥሮስ የኖረው በግብፅ አገር በእስክንድርያ ነው። ሥራው ወይን መትከልና መንከባከብ ነበር። ማንበብና መጻፍ አልተማረም። በ15 ዓመቱ እንደ አገሩ ልማድ ሚስት አጋቡት፤ ሁለቱም ግን በድንግልና ለመኖር ተስማሙ። በአንድ ቤት እንደ ወንድምና እኅት ሆነው ይኖሩ ነበር። ይህንንም ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አላወቀባቸውም።

በዚያ ዘመን በቅዱስ ማርቆስ መንበር የተቀመጠው 11ኛው ሊቀ ጳጳሳት አባ ዩልያኖስ ነበር። አባ ዩልያኖስ ታሞ ሊያርፍ በተቃረበ ጊዜ የእግዚአብሔር መልአክ ተገለጠለት። በማግሥቱ የወይን ዘለላ ይዞለት የሚመጣው ሰው በእርሱ ፈንታ እንደሚሾም ነገረው።

በማግሥቱ ድሜጥሮስ ወደ አትክልቱ ሲገባ የወይን ወራት ሳይሆን የበሰለ ዘለላ አገኘ። ለራሱ አላስቀረውም። በረከት ለመቀበል ወደ ሊቀ ጳጳሳቱ ወሰደው። አባ ዩልያኖስም ባየው ጊዜ መልአኩ የነገረው ሰው እርሱ መሆኑን ለካህናቱና ለሕዝቡ አስታወቀ። በዚህ ምክንያት ያልተማረው ገበሬ የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 189 ዓ.ም. ገደማ ነበር።

፪. መማር ያላሳፈረው አባት

እስክንድርያ የሊቃውንት ከተማ ነበረች። እንግዲህ አስቡት ልጆች! ፊደል ያልቆጠረ ሰው በሊቃውንት ፊት ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ሲቀመጥ ምን ያህል ሊከብደው ይችል ነበር? ቅዱስ ድሜጥሮስ ግን አለማወቁን አልሸሸገም። ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፤ መማርንም ጀመረ። እግዚአብሔርም አእምሮውን ከፈተለት፤ ንባብ ተማረ፤ ብዙ መጻሕፍትንም አጠና።

ሌላም ጸጋ ተሰጠው። ቅዳሴ ቀድሶ ሲያቆርብ ለመቁረብ የተዘጋጀውንና ያልተዘጋጀውን ሰው ይለይ ነበር። ያልተዘጋጀውን ሰው ስሕተቱን ገልጦ ንስሐ እንዲገባ ይመክረዋል። ሰውየው ንስሐ ገብቶ ሲመለስ ደግሞ ተቀብሎ ያቆርበዋል። ስሕተትን የሚያሳየው ሰውን ለማዋረድ ሳይሆን ለማዳን ነበር። በዚህም ብዙ ሰዎች ከኃጢአት ተመለሱ።

፫. የተሳሳተው ፍርድ

አንዳንድ ሰዎች ግን አጉረመረሙ። ሚስት ያለው ሰው በቅዱስ ማርቆስ መንበር መቀመጡ አልተዋጠላቸውም። መልአኩም ተገልጦ፣ ሰዎቹ በሐሜት እንዳይጠፉ የተሰወረውን ነገር እንዲገልጥላቸው አዘዘው።

በማግሥቱ ቅዱስ ድሜጥሮስ ቅዳሴውን ከፈጸመ በኋላ ሕዝቡ እንዳይሄድ አደረገ። ሚስቱንም አስጠራት። የሚነድ ፍም በእጁ አንሥቶ በልብሱ ላይ አደረገ፤ ከዚያም በእርሷ ልብስ ላይ አኖረው። እሳቱ እጁንም ልብሳቸውንም አላቃጠለም። ሕዝቡ እጅግ ተደነቀ። እርሱም እስከዚያ ቀን ሁለቱም በድንግልና እንደኖሩ ነገራቸው። ያሙት ሰዎች ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ፤ እርሱም ይቅር አላቸው፤ ባረካቸውም። ይህ የተገለጠበት ቀን መጋቢት 12 ይታሰባል።

ልጆች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰዎቹ ያዩት ነገር እውነት ነበር፤ ድሜጥሮስና ሚስቱ በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። የተሳሳቱት ካዩት ነገር ተነሥተው በሰጡት ፍርድ ላይ ነው። መነሻው ትክክል፣ መድረሻው ስሕተት ሆነ። በሒሳብም እንዲሁ ያጋጥመናል።

፬. የቅዱሱ ምኞትና ሱባኤው

ቅዱስ ድሜጥሮስ አንድ ነገር ዘወትር ያሳስበው ነበር። ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ከሰኞ፤ ደብረ ዘይት፣ ሆሣዕና፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ ከእሑድ፤ ስቅለት ከዓርብ፤ ዕርገት ከሐሙስ፤ ርክበ ካህናትና ጾመ ድኅነት ከረቡዕ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር። የቀኑ ቁጥር ከተሳሳተ አንዱ ሲጾም ሌላው ይበላል፤ አንዱ በስቅለት ሲያዝን ሌላው በትንሣኤ ይደሰታል። በአንድ እምነት ያሉ ክርስቲያኖች በአንድነት መጾምና ማክበር ያቅታቸዋል።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው መልአክ ተገልጦ ነገሩ በምኞት ብቻ እንደማይገኝ አስረዳው፤ የመዓልትና የሌሊት ሱባኤ እንዲይዝም ነገረው። አንዱ 23 ሱባኤ፣ ሌላው 7 ሱባኤ ነበር። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነው። ቁጥሩ እንዲህ ይወጣል፦

23 × 7 = 161። ይህ በ30 በ30 ሲገደፍ (150 ሲወጣለት) 11 ይተርፋል። ጥንተ አበቅቴ ይባላል።

7 × 7 = 49። ይህም በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል። ጥንተ መጥቅዕ ይባላል።

መግደፍ ማለት የሞላውን ሠላሳ ትቶ ትርፉን መያዝ ነው። 11 የተባለው ቁጥር በሰማይም ይታያል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ሲሆን የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው። 365 − 354 = 11። እንግዲህ ጨረቃ በየዓመቱ 11 ቀን ትቀድማለች ማለት ነው። ፀሐይና ጨረቃ ወደ መጀመሪያ ቦታቸው ተመልሰው የሚገናኙት በ19 ዓመት ነው። ስለዚህ የዓለም ዘመን በ19 ይገደፋል።

ቅዱስ ድሜጥሮስ ያገኘውን ለራሱ ብቻ አልያዘውም። ለሮም፣ ለአንጾኪያና ለኢየሩሳሌም አባቶች ጻፈላቸው። ከእርሱ ዕረፍት በኋላ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች ትንሣኤ በሁሉም ዘንድ በአንድነት እንዲከበር ወሰኑ። የእኛም ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በባሕረ ሐሳብ ትጠቀማለች።

፭. ሁልጊዜ 30

አሁን ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ። 11 እና 19 ስንደምር 30 ይመጣል። በየዓመቱም አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።

አበቅቴ + መጥቅዕ = 30

ይህ እኩልታ ነው። እኩልታ እንደ ሚዛን ነው፤ በግራና በቀኝ ያለው ክብደት እኩል መሆን አለበት። የአንድ ዓመት አበቅቴ 20 ነው እንበል። መጥቅዑን አላወቅነውም፤ ስለዚህ በፊደል «መ» ብለን እንጽፈዋለን።

20 + መ = 30

አንድ ተማሪ እንዲህ ሠራው እንበል፦

መ = 30 + 20
መ = 50

ትክክል ነውን? ለማወቅ መልሱን ወደ መጀመሪያው እኩልታ እንመልሰው። 20 + 50 = 70 ነው። 70 ደግሞ ከ30 ጋር እኩል አይደለም። ስለዚህ በመንገድ ላይ ስሕተት አለ።

ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? ሁሉን በላጲስ አጥፍቶ በዘፈቀደ ሌላ ቁጥር ይጻፍን? አይደለም። ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ይመልከት። የመጀመሪያው መስመር ትክክል ነው። የተበላሸው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ከግራ ሚዛን 20 አንሥቶ በቀኝ ሚዛን 20 ጨመረበት። ከአንዱ ወገን ያነሣነውን ያህል ከሌላውም ማንሣት ነበረበት።

20 − 20 + መ = 30 − 20
መ = 10

እንመልሰው፦ 20 + 10 = 30። አሁን ሚዛኑ ተስተካከለ።

ሌላ ምሳሌ እንይ። አበቅቴን ለማግኘት ወንበር የሚባለው ቁጥር በ11 ይባዛል። ብዜቱ 110 ከሆነ ወንበሩ ስንት ነው?

11 × ወ = 110

አንድ ተማሪ ከሁለቱም ወገን 11 ልቀንስ ብሎ ወ = 99 አለ። ሲመልሰው 11 × 99 = 1089 ሆነበት። ከሁለቱም ወገን እኩል ማንሣቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ማባዛትን የሚፈታው ማካፈል እንጂ መቀነስ አይደለም። ሁለቱን ወገን ለ11 ስናካፍል ወ = 10 ይሆናል። 11 × 10 = 110፤ ትክክል ነው።

፮. ትክክል የሚመስል ስሕተት

እስቲ የ2016 ዓ.ም. ትንሣኤን ከመጀመሪያው እንቍጠር።

ዓመተ ዓለም፦ 5500 + 2016 = 7516።
በ19 ሲገደፍ፦ 19 × 395 = 7505፤ 7516 − 7505 = 11። ይህ መደብ ይባላል።
ወንበር፦ የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ 1 እንቀንሳለን። 11 − 1 = 10።
አበቅቴ፦ 10 × 11 = 110፤ በ30 ሲገደፍ 20።
መጥቅዕ፦ 10 × 19 = 190፤ በ30 ሲገደፍ 10።
ማረጋገጫ፦ 20 + 10 = 30።

መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል። የእኛ 10 ስለሆነ ጥቅምት 10 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበር። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል ተጨማሪ ቁጥር አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2 ነው። 10 + 8 = 18፤ ይህ መባጃ ሐመር ይባላል። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ሲውል ነነዌ በየካቲት ስለሚገባ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ጀመረ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው። 18 + 9 = 27፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ዋለ።

አሁን ሁለት ተማሪዎች ተሳሳቱ እንበል።

የመጀመሪያው ተማሪ 190ን ሲገድፍ 150 ብቻ አውጥቶ መጥቅዕ 40 አለ። ሲያረጋግጥ 20 + 40 = 60 መጣበት። 30 ስላልሆነ ወዲያው ነቃ። በ40 ውስጥ ገና አንድ ያልወጣ ሠላሳ እንዳለ አየና አስወጣው፤ 10 አገኘ።

የሁለተኛው ተማሪ ስሕተት ግን ከዚህ የከፋ ነው። ከመደቡ 1 መቀነስ ረሳ። ወንበሩን 11 አለ። 11 × 11 = 121፤ ሲገደፍ 1። 11 × 19 = 209፤ ሲገደፍ 29። ሲያረጋግጥ 1 + 29 = 30 ሆነለት! ደስ ብሎት ቀጠለ። መጥቅዑ 29 ስለሆነ መስከረም 29 አለ፤ ያ ቀን ማክሰኞ ነበር፤ 29 + 5 = 34፤ በ30 ሲገደፍ 4። ቁጥሩ 30 ሲያልፍ ወሩ ወደ የካቲት ስለሚሻገር ነነዌን የካቲት 4 ላይ አዋላት። የካቲት 4 ሰኞ ነው! ትንሣኤንም ሚያዝያ 13 አለ፤ ያም እሑድ ነው!

አያችሁ ልጆች? ድምሩ 30 ነው፤ ነነዌ ሰኞ ነው፤ ትንሣኤ እሑድ ነው። ሁሉም ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ቀኑ በ14 ቀን ተሳስቷል። ይህን ቁጥር አምኖ የተከተለ ሰው ሌላው ምእመን ገና በዐቢይ ጾም ሳለ ፋሲካን ባከበረ ነበር። ቅዱስ ድሜጥሮስን ያሳሰበው መለያየት ይህ ነው።

ይህ ስሕተት በምን ይታወቃል? ካለፈው ዓመት ጋር በማነጻጸር ነው። አበቅቴ በየዓመቱ በ11 ይጨምራል። የ2015 ዓ.ም. አበቅቴ 9 ነበር፤ 9 + 11 = 20። ተማሪው ግን 1 አለ። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ሲያይ ያልቀነሳትን አንዲቷን ቁጥር ያገኛታል። (የ19ኙ ዓመት ዙር ተፈጽሞ አዲስ ሲጀምር ብቻ፣ ለምሳሌ በ2006 ዓ.ም.፣ ይህ ንጽጽር አይሠራም።)

ስለዚህ አንድ ማረጋገጫ ብቻ አይበቃም። መልሱ አማረ ብለን ቸኩለን ደብተራችንን አንዝጋ። እያንዳንዱን መስመር ከሕጉ ጋር እናስተያይ።

፯. የቅዱሱ ዕረፍት

ቅዱስ ድሜጥሮስ በመንበሩ 43 ዓመት ተቀመጠ። በሸመገለ ጊዜ በእግሩ መሄድ ተሳነው። ይሁን እንጂ ማስተማር አላቆመም፤ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱት ነበር፤ እርሱም ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ያስተምር ነበር። በ105 ዓመቱ ጥቅምት 12 ቀን ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ቀን መታሰቢያውን ታደርጋለች።

፰. ከቅዱስ ድሜጥሮስ ሕይወት የምንማረው

1. አለማወቅ አያሳፍርም። ቅዱሱ ከተሾመ በኋላ ፊደል ተማረ። እኛም ሒሳብ ቢከብደን መጠየቅ አንፈር።

2. ምኞት ብቻውን አይበቃም። ጸሎትም ድካምም ያስፈልጋል።

3. ስሕተትን መሸፈን ስሕተቱን ያሳድገዋል። በመጀመሪያው መስመር የቀረች አንዲት ቁጥር በመጨረሻ 14 ቀን ሆነች። ኃጢአትም እንዲሁ ነው፤ ከመነሻው በንስሐ ካልታረመ ያድጋል።

4. የተሳሳተ ጓደኛችንን አንሳቅበት። ቅዱሱ ያሙትን ይቅር ብሎ እንዳረማቸው፣ እኛም የተሳሳተበትን መስመር በፍቅር እናሳየው።

መልመጃ

1. ቅዱስ ድሜጥሮስ ከመሾሙ በፊት ሥራው ምን ነበር? ወደ አባ ዩልያኖስስ ምን ይዞ ሄደ?

2. ቅዱሱ ካገባ በኋላ እስከሚሾም 47 ዓመት፣ በመንበሩ 43 ዓመት ኖሮ በ105 ዓመቱ ዐረፈ። ሲያገባ ዕድሜው ስንት ነበር? አንድ ተማሪ እንዲህ ሠርቷል፦
ሀ + 47 + 43 = 105
ሀ + 90 = 105
ሀ = 195
መጀመሪያ የተሳሳተው በየትኛው መስመር ነው? አርሙት።

3. የ2017 ዓ.ም. ወንበር 11 ነው። መደቡን ለማግኘት አንድ ተማሪ «መ − 1 = 11፤ ስለዚህ መ = 10» አለ። መልሱን ወደ እኩልታው መልሳችሁ መርምሩ።

4. የ2017 ዓ.ም. አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ ጾመ ነነዌና ትንሣኤ መቼ እንደዋሉ አስሉ። በዚያ ዓመት መስከረም 29 ረቡዕ ነበር።

መልስ

1. ወይን መትከልና መንከባከብ፤ የወይን ዘለላ።

2. በሦስተኛው መስመር። 90 መቀነስ ሲገባው ጨመረ። ሀ = 105 − 90 = 15። ሲመለስ 15 + 47 + 43 = 105።

3. 10 − 1 = 9 እንጂ 11 አይደለም። በሁለቱም ወገን 1 ሲጨመር መ = 12።

4. አበቅቴ 1፤ መጥቅዕ 29፤ 1 + 29 = 30። ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር 20 + 11 = 31፤ ሲገደፍ 1። 29 + 4 = 33፤ ሲገደፍ 3፤ ነነዌ የካቲት 3። 3 + 9 = 12፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 12።

የአባታችን የቅዱስ ድሜጥሮስ በረከቱና ረድኤቱ፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።